ሲገቡ ስንት ኪሎ ነበሩ?

የማታ ፈረቃ (ሐዋሳ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፈረቃ ላይ ነኝ። ዋርዱ ለጊዜው ጸጥ ብሏል፣ እስከዚያ የከነከነኝን ልጻፍ።

ነርስ ነኝ። 9 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የመጨረሻዎቹን 4 ዓመታት የአዋቂዎች ሜዲካል ዋርድ ነኝ። እዚሁ ሐዋሳ ነው፣ የሆስፒታሉን ስም ግን አልጠራም። ብጠራውም ለውጥ የለውም፣ የማወራው ስለ ራሴ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከዋርዳችን ወጡ። እማማ እያልኩ ልጻፍ። በሳንባ ምች ገብተው 19 ቀን ተኝተዋል። ሳንባቸው ድኗል። ኦክስጅን ከተነሳላቸው ቆይቷል፣ ትኩሳት የለም፣ አንቲባዮቲኩም አልቋል። የመውጫ ወረቀታቸውን እየሞላሁ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ቆመች። አልተቆጣችም። በትህትና «ሲስተር፣ እናቴ ስትገባ ስንት ኪሎ ነበረች?» አለችኝ።

ቻርቱን ገለጥኩ። ግፊት አለ። ትኩሳት አለ። ትንፋሽ በደቂቃ አለ። የሽንት መጠን ሳይቀር አለ። የኪሎው ቦታ ባዶ ነው፣ የቁመቱም ባዶ። 19 ቀን ሙሉ አንዳችንም አልጻፍንም። ከነዚያ ፈረቃዎች 7ቱ የኔ ናቸው፣ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያቸዋለሁ።

«ምነው ጠየቅሽኝ?» አልኳት። የእናቷን መቀነት አሳየችኝ። ከቤት ሲመጡ ሁለት ዙር ዞሮ ይቋጠር ነበር አሉ። አሁን ሦስት ዙር ዞሮ ጫፉ ተርፎ ተንጠልጥሏል። የጣታቸው ቀለበት ደግሞ እንዳይወልቅ ክር ተጠምጥሞበታል። ያቺን ክር ስንት ጊዜ እንዳየኋት! ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባውን ቱቦ) ስቀይር እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። «የእምነት ነገር ይሆናል» ብዬ አልፌያታለሁ።

ስለ ምግብ እጥረት ያልተማርኩ ሰው አይደለሁም። የሕፃናቱን ስልጠና ወስጃለሁ። የክንድ መለኪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት 3 ሰከንድ ተጭኖ ጉድጓድ መቅረቱን ማየት። ኤፍ 75፣ ኤፍ 100 (በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች የሚታከሙባቸው ወተቶች)። አንዱ የፕላምፒ ነት (ከለውዝ የተሠራው የሕክምና ምግብ) ፓኬት 92 ግራም፣ 500 ኪሎ ካሎሪ። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ግን ይሄ ሁሉ የልጅ ነው። ልጁ 5 ዓመት ሲሞላው የኔም እውቀት እዚያው ያቆማል። የ60 ዓመት እናት አልጋ ላይ ሆነው ሲከሱ ዓይኔ አያይም። «በሽታው ነው» እላለሁ።

ከዚህም የባሰ የሚያሳፍረኝ አለ። እማማ ለ4 ቀን ያህል እህል አልዋጥ ብሏቸው ነበር። ልጃቸው ስትነግረኝ «አይዞሽ፣ ግሉኮስ ይዘዋል» አልኳት። ቤት ገብቼ አሰላሁት። 5 በመቶ ግሉኮስ ማለት በ1 ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር ነው። 200 ኪሎ ካሎሪ አይሞላም። በቀን 2 ሊትር ቢገባላቸው እንኳ 400 አይደርስም። ፕሮቲን ደግሞ ጭራሽ የለውም። አንዱ የፕላምፒ ፓኬት ይበልጠዋል! ፈሳሹ የራሱን ሥራ ሠርቷል፣ አልካደኝም። ግን እኔ ለልጅቷ ምግብ ነው ብዬ ነው የነገርኳት። እሷም አምናኝ ያመጣችውን አጥሚት ይዛ ተመለሰች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። አዋቂ ታካሚ ላይ በምን ትጀምራላችሁ? ሚዛን ላይ መቆም ያልቻለስ? ደግሞ እናንተ ጋ የማን ሥራ ነው፣ የነርሷ ነው፣ የሐኪሙ ነው፣ ወይስ የወጥ ቤቱ? እኛ ጋ ሁሉም «አስታማሚ ያበላል» ብሎ ነው የተቀመጠው።

ሲስተር ነባር (አዳማ)፦

እህቴ፣ ራስሽን እንዲህ አትቀጥቅጪ። እኔ 24 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ብቻሽን ስንት ታካሚ ትይዣለሽ? እኔ 20 የያዝኩበት ማታ አለ። አንዱ ይተፋል፣ አንዱ ካኑላውን ይነቅላል፣ በር ላይ አዲስ ታካሚ በስትሬቸር ቆሟል። የጎደለን እጅ ነው እንጂ እውቀት አይደለም። ደግሞ እባካችሁ ሌላ ቅጽ አታምጡብን። ያሉትንም የምንሞላው ሱፐርቪዥን ሲመጣ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሰርጂካል ዋርድ በነበርኩ ጊዜ የታዘብኩት ነው። ለኦፕሬሽን «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ይባላል። ሰውየው ይጾማል። ቀን 9 ሰዓት ላይ «ዛሬ አልደረሰም፣ ለነገ ተዛውሯል» ይባላል። ያን ጊዜ የወጥ ቤቱ ምሳ አልፏል። ማታ ትንሽ ይቀምስና እንደገና ከእኩለ ሌሊት። አንድ አባት ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኑብን። ሰመመን ሰጪያችን ራሱ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት ከቀረው ይበቃል እያለ ይለፈልፋል። ግን እኩለ ሌሊት ማለት ለሁላችንም ይቀለናል። አየሽ፣ ይሄኛው የእጅ እጥረት አይደለም። በራሴ ላይ መሰከርኩ መሰለኝ።

ጾሙንም አትርሺው። ሁዳዴ ላይ እናቶች ወተትና እንቁላል አይነኩም። እኔ መከራከር ትቻለሁ። አስታማሚዋን የነፍስ አባታቸውን በስልክ እንድታገናኛቸው እጠይቃለሁ። ቄሱ «ለታመመ ተፈቅዷል» ካሏቸው ይበላሉ። በኔ ቃል በልተውልኝ አያውቁም።

የማታ ፈረቃ፦

ሲስተር ነባር፣ ስለ እጅ እጥረቱ ልክ ብለዋል። እኔም እሱን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን ትናንት ቡና ላይ ለ6 ባልደረቦቼ አንድ ጥያቄ ወረወርኩ። «1 ሊትር ግሉኮስ ስንት ካሎሪ አለው?» አንዷ «ምሳ ያህላል» አለች። አንዱ 1,000 አለ፣ እርግጠኛ ሆኖ። ሁለቱ ሳቁና ስልካቸው ላይ መፈለግ ጀመሩ። የመለሰው ፋርማሲስቱ ብቻ ነው። እኔም ከሳምንት በፊት ብጠየቅ አልመልስም ነበር። ይሄን ለማወቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ሬዚደንቱ (ሐዋሳ)፦

ሲስተር፣ ጥያቄሽ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ስኮትላንድ ዳንዲ ውስጥ ሆስፒታል የገቡ 500 ታካሚዎችን መዝነው ነበር። እ.ኤ.አ በ1994 ነው የታተመው። ሲገቡ 200ዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። ከ200ዎቹ ፋይላቸው ላይ ስለ ምግባቸው አንድም ነገር የተጻፈላቸው 96 ብቻ ናቸው። ያንቺ ባዶ ቦታ ዳንዲም ነበረ ማለት ነው። ለሲስተር ነባር ደግሞ፦ በዴንማርክ፣ በኖርዌይና በስዊድን 4,512 ሐኪሞችና ነርሶች ተጠይቀው፣ እ.ኤ.አ በ2008 በወጣው ውጤት የታካሚ አመጋገብ ችላ ለመባሉ ዋናው ምክንያት ብለው የጠቀሱት የእውቀት ማነስን ነው። የታካሚውን የኃይል ፍላጎት ማስላት ይከብደናል ያሉት 53 በመቶ ናቸው። የጎደለው እጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ሥራው ልምጣ። እኔ የምጠቀመው የእንግሊዞቹን «መስት» የሚባለውን የምግብ እጥረት አደጋ መለያ ነው። ሦስት ነገር ነው የሚያየው። አንደኛ ቢ.ኤም.አይ (ኪሎ በሜትር ለተለካው ቁመት ስኩዌር ሲካፈል)፦ ከ18.5 በታች ከሆነ 2 ነጥብ፣ ከ18.5 እስከ 20 ከሆነ 1። ሁለተኛ፣ ሳያስቡት በ3 እስከ 6 ወር የቀነሱት ክብደት፦ ከ10 በመቶ በላይ 2፣ ከ5 እስከ 10 ከሆነ 1። ሦስተኛ፣ በጽኑ ታሞ ከ5 ቀን በላይ ያልበላ ወይም የማይበላ ከሆነ 2። ድምሩ 2 ከደረሰ ከፍተኛ አደጋ ነው። 50 ኪሎ የነበረች ሴት 44 ከገባች 12 በመቶ ነው፤ ሌላ ሳትቆጥሪ 2 ሞላ።

መቆም ለማይችል ሰው ክንዱን ለኪ። ግራ ክንድ፣ ከትከሻ አጥንትና ከክርን መሀል፣ እጁ ዘና ብሎ። ከ23.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቢ.ኤም.አዩ ከ20 በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ቁመትም በተኙበት ከክርን እስከ እጅ አንጓ ባለው አጥንት ርዝመት ይገመታል፣ ሠንጠረዥ አለው። የድሮ ኪሎውን የማያውቅ ታካሚ ደግሞ ቀበቶውን ጠይቂው። መቀነቱ ከማንኛውም ላብራቶሪ በላይ ነግሮሽ ነበር።

ስለ ላብራቶሪ ካነሳሁ፣ ብዙዎቻችን አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ሲወርድ «አልተመገበም» እንላለን። አልቡሚን ኢንፌክሽን ሲኖርም ይወርዳል። ስለዚህ ሜትሩን አይተካም። ሚዛንም ይዋሻል። ጉበት ወይም ልብ ታሞ ውሃ የቋጠረ ሰው ጡንቻው እያለቀ ኪሎው ይጨምራል። አንዴ ራውንድ ላይ «ክብደት ጨምረዋል፣ ጥሩ ነው» ብዬ ሲኒየሬ የታካሚውን ትከሻ በጣቱ አሳየኝ። አጥንት ብቻ ነበር።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። አገኘሁ ብለሽ ወዲያው አታጥግቢ። ከ10 ቀን በላይ ምንም ያልበላ፣ ወይም ቢ.ኤም.አዩ ከ16 በታች የሆነ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ከደሙ ወደ ሴል ይገባሉ። ልብ ሊቆም ይችላል። እንዲህ ላለው በቀን በኪሎ ከ10 ኪሎ ካሎሪ ሳያልፍ ተጀምሮ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል። ቫይታሚን ቢ 1 ምግቡን ይቀድማል። 40 ኪሎ ለሆነ ሰው መነሻው 400 ነው፣ ማለትም ከአንድ ፕላምፒ ፓኬት ያነሰ። ኤሌክትሮላይቱን (እነዚያን የደም ማዕድናት) ሳታይ አትጨምሪ። ካሎሪው ያነሰው የሕፃናቱ ኤፍ 75 ለምን ከኤፍ 100 እንደሚቀድም ታውቂያለሽ፤ የትልቁም ሰው ነገር ያው ነው።

የበኩር ልጅ፦

የሕክምና ሰው አይደለሁም። ባጃጅ ነው የምነዳው። ግን አባቴን አስታምሜያለሁ፣ ሌላ ከተማ ነው። ያልተናዘዝኩት ነገር አለኝ፣ እዚህ ስም ስለሌለ ልናገረው።

ምግብ በትሪ ይመጣል። እንጀራ በሽሮ ነው፣ አንዳንዴ ፓስታ። አባባ ሁለት ጉርሻ ይጎርሱና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የተረፈውን እኔ እበላዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ውጭ ምሳ የምገዛበት ገንዘብ መድኃኒት ላይ ሄዷል። ትሪው ባዶውን ይመለሳል። ትሪ ሰብሳቢዋ «ጎበዝ አባባ፣ ጨረሱት!» ትላቸዋለች። ነርሷም ሰምታ ፈገግ ትላለች። አባባ ያዩኛል። አንድ ቀን «አንተ እየወፈርክ ነው» አሉኝ። ቀልዳቸውን ነበር።

አንድ ሰው መጥቶ «የበሉት እርሳቸው ናቸው?» ቢለኝ አልዋሽም ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ስንወጣ ደግሞ ወረቀት ተሰጠኝ፦ ጨው የለበት፣ ቅባት የለበት፣ ሥጋ ይቀነስ። የተከለከለውን እንጂ የሚበላውን የነገረኝ የለም። ቤት ገብተን እናቴ በፍርሃት ዳቦ በሻይ ብቻ ሰጠቻቸው።

የማታ ፈረቃ፦

ወንድሜ፣ ይሄን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። «ጎበዝ፣ ጨረሱት» የሚለውን እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የ10ሩን ነገር ባላነብ ኖሮ ነገ ጠዋት ፕላምፒ ይዤ ልሮጥ ነበር።

ከወጥ ቤት፦

ሰላም ልጆች። ልጄ ናት አንብባ ያሳየችኝ። እኔ የሆስፒታል ወጥ ቤት ነው የምሠራው፣ የት እንደሆነ ይቅር። እዚህ ስለ ምግብ ይሄ ሁሉ ሲወራ ወጥ ቤቱን የጠየቀ የለም።

ለኛ የሚመጣልን ቁጥር ብቻ ነው። ሜዲካል 38፣ ሰርጂካል 31። ጥርስ የሌለው ስንት ነው፣ ስኳር ያለበት ስንት ነው፣ አፉ የቆሰለ ስንት ነው፣ አይነገረንም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ጥርስ ለሌላቸው ሽማግሌ ደረቅ እንጀራ ስልክ አዝናለሁ፣ ግን ማን መሆናቸውን አላውቅም። ማን እንዳልበላ ከሐኪሞቹ በፊት የምናውቀው እኛ ነን። ትሪ ሰብሳቢዋ ክፍል 4 በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ሦስት ቀን አልነኩትም ብላ ትነግረኛለች። እኔ ለማን ልናገር? ነጭ ጋወን የለበስኩት እንጀራ ለመዘርጋት ነው።

አንድ ነገር ልምከርሽ ልጄ። ሐዋሳ ስለሆንሽ ቡላ አይጠፋም። ለመዋጥ እንደሱ የሚመች የለም። ግን አስታማሚዎቹ በውሃ ብቻ ያዘጋጁትና ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ ምግብ ይመስላቸዋል። እንሰት ሆድ ይይዛል እንጂ ሰውነት አይገነባም። በወተት አድርጊው፣ ቅቤ ጣል አድርጊበት። እንቁላል መትተሽም ያስኬዳል፣ እሳቱን ቀንሰሽ ቶሎ ቶሎ ካማሰልሽው አይቋጠርም። ለጿሚ ደግሞ በለውዝ። የአሳ ሾርባም አለ፣ ግን ውሃውን ብቻ አጠጥተው ሥጋውን ራሳቸው የሚበሉ አስታማሚዎች አይቻለሁ። (የባጃጁ ልጅ፣ አንተን አይደለም።)

ሲስተር ነባር፦

ትሪ ሰብሳቢዋን መጠየቅ ለ24 ዓመት አልመጣልኝም። ቅጽም አይፈልግ።

የማታ ፈረቃ፦

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ምን ሆነ ለምትሉ፦

አሮጌ ገበያ ሄጄ የልብስ ሰፊ ሜትር ገዛሁ። በፋሻ ክር አስሬ ከግፊት መለኪያው ጋር አንጠለጠልኩት። ግፊት ስለካ ክንዱ ያው እጄ ላይ ነው፣ ሜትሩን ማዞር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩን የግፊቱ ዓምድ ዳር ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ አልተቀበለውም። አንዷ ጓደኛዬ «ልብስ ልታሰፊላቸው ነው?» ብላ ስቃብኛለች፣ ማታ ግን ሜትሩን ከቦታው ስትወስድ ያዝኳት።

በሁለት ፈረቃ 14 ሰው ለካሁ። 6ቱ ከ23.5 በታች ናቸው። አንድ ወጣት አለ፣ የሳንባ ቲቢ፣ 19.5 መጣ። ሦስቴ ደገምኩት። ከመታመሙ በፊት የቀን ሥራ ላይ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። ራውንድ ላይ ቁጥሩን ስናገር ሐኪሙ ቆም አለና ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ አየ። ቢ 1 ታዘዘ፣ ፖታሲየሙ ለምርመራ ተላከ። የፎስፌት ምርመራ በዚያ ሳምንት አልነበረም። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ጀመርን፣ በቡና ሲኒ እየተለካ። እህቱ በየ2 ሰዓቱ ቡላ በወተት ትሰጠዋለች፣ እኔ የጠጣውን ሲኒ እቆጥራለሁ። በ5ኛው ቀን «ጥብስ ይሸተኛል» አለኝ። ማንም ጥብስ አላመጣም።

ትሪ ሰብሳቢያችንንም አናገርኳት። መጀመሪያ የምከሳት መስሏት ደነገጠች። አሁን ትሪው ሳይነካ ከተመለሰ በሩ ላይ ቆማ በጣቷ የአልጋውን ቁጥር ታሳየኛለች። ባዶ ከሆነ ደግሞ አስታማሚውን ፈገግ ብዬ «ማን በላው?» እላለሁ። አብዛኞቹ አይዋሹም። አንዱ አባወራ አፍሮ ሲስቅ ለሱም አንድ ትሪ እንዲጨመርለት ወጥ ቤቱን ለመንኩ። አንዴ ሰጡን፣ በማግስቱ ከለከሉን። እሱ ገና አልተፈታም።

እማማም ለቀጠሮ መጥተው ነበር። ልጃቸው ገና በሩ ላይ «ሲስተር፣ ዛሬ ትመዝኛታለሽ አይደል?» አለችኝ። አዎ ብዬ ሚዛኑን ከመጋዘን አወጣሁት። አቧራውን ጠረግኩ። አይሠራም፣ ባትሪው አልቋል! ሴትየዋ ጫማቸውን አውልቀው ቆመው ይጠብቁኛል። ክንዳቸውን ለካሁና 21 ብዬ ጻፍኩ። መቀነቱ አሁንም ሦስት ዙር ነው፣ የቀለበቱ ክር ግን የለም። ቀለበቱን ራሱ አውልቀው ቤት አስቀምጠውታል።

ባትሪው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ዓይነት ናት። ንብረት ክፍል «በሚቀጥለው ግዢ» ብሎኛል። ሐዋሳ ውስጥ የት እንደማገኛት የሚያውቅ አለ?

የበኩር ልጅ፦

ሰዓት ሠሪዎች ጋ አለች። አሮጌዋን ይዘሽ ሂጂ፣ ቁጥሯ ጀርባዋ ላይ አለ። ነገ ከ8 ሰዓት በኋላ በዚያ በኩል ነኝ፣ ከፈለግሽ አደርስሻለሁ፣ ሂሳብ የለም።